በስፖርት ሳይንስ ማስተርስ ልትቀጥሉ ነው? ከመመዝገባችሁ በፊት ይቺን አንብቡ

«ስፖርት እወዳለሁ። የመጀመሪያ ዲግሪዬን ጨርሻለሁ። ማስተርስ ልቀጥል ወይስ ሥራ ልፈልግ?» ይህ ጥያቄ በየጊዜው ይደርሰኛል። መልሴም ሁልጊዜ ሌላ ጥያቄ ነው። ትምህርቱን ስትጨርሱ ጠዋት ተነሥታችሁ የት ነው መሄድ የምትፈልጉት? የልብ ሕሙማን ወደሚያገግሙበት ሆስፒታል? አትሌቶች ወደሚሠለጥኑበት ሜዳ? ላቦራቶሪ? ወይስ ማስተማሪያ ክፍል? ብዙ ሰው እዚህ ላይ ዝም ይላል። «እሱን ገብቼ አየዋለሁ» የሚልም አለ። እኔን የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። በዚህ ሙያ «ማስተርስ» የሚለው አንድ ስም ቢያንስ ሁለት የማይገናኙ ትምህርቶችን ይሸፍናል፤ ያለቦታችሁ እንደገባችሁ የምታውቁት ደግሞ ብዙ ጊዜ ዓመቱ ካለቀ በኋላ ነው።

ስለዚህ ከሥሩ እንጀምር።

ምኑ ነው ሳይንስ?

ስሙ ከአገር አገር ይለያያል። ስፖርት ሳይንስ፣ ኤክሰርሳይስ ሳይንስ፣ ኪኒሲዮሎጂ፣ የሰው እንቅስቃሴ ሳይንስ ይባላል። በስሙ አትደናገሩ። ሁሉም የሚጠይቁት ተመሳሳይ ነገር ነው፦ ሰውነት ሲንቀሳቀስ ውስጡ ምን ይሆናል? እንቅስቃሴውን ለወራት ሲደጋግመው ምን ይለወጣል? ሲያቆምስ ምን ያጣል?

የመጨረሻዋን ጥያቄ እንያዝ። በ1966 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው) አሜሪካ፣ ዳላስ ከተማ ውስጥ አምስት ጤነኛ ወጣቶች ለሦስት ሳምንት አልጋ ላይ እንዲቆዩ ተደረገ። አልታመሙም። ዝም ብለው ተኙ። ሲነሡ፣ ሰውነታቸው ኦክስጅን የመጠቀም ከፍተኛ አቅሙ ከሩብ በላይ ወርዶ ተገኘ። ከ30 ዓመት በኋላ ተመራማሪዎች እነዚያኑ አምስት ሰዎች ፈልገው እንደገና ለኳቸው። ሠላሳ ዓመት ዕድሜ የወሰደባቸው አቅም፣ ያኔ ሦስት ሳምንት አልጋ ከወሰደባቸው ያነሰ ሆነ። ይህን መጀመሪያ ያነበብኩ ቀን ደግሜ ደጋግሜ ነው ያየሁት፤ የተሳሳትኩ መስሎኝ። ድሮ የልብ ሕመምተኛ ለሳምንታት ከአልጋው እንዳይወርድ ይታዘዝ እንደነበር ስታስቡ የነገሩ ክብደት ይገባችኋል።

ሌላ ልጨምር። ይሄኛው የድህረ ምረቃ ትምህርት ምን እንደሆነ በደንብ ያሳያል ብዬ አምናለሁ። በ1953 ጄሪ ሞሪስ የተባለ ሐኪምና ባልደረቦቹ የለንደን ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡስ ሠራተኞችን ያጠኑበትን ሥራ አሳተሙ። ሾፌሩ ቀኑን ሙሉ ይቀመጣል። ቲኬት ቆራጩ ቀኑን ሙሉ ደረጃ ይወጣል፣ ይወርዳል። የልብ ሕመም በቲኬት ቆራጮቹ ላይ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። «አያችሁ፣ እንቅስቃሴ ልብን ይጠብቃል» ብሎ መደምደም ቀላል ነው። ግን ቆይ፦ መጀመሪያውኑ ሾፌርነት የገቡት ሰዎች ወፍራሞች ቢሆኑስ? ጥያቄውን ያነሡት ራሳቸው ተመራማሪዎቹ ናቸው። ከዚያ ምን አደረጉ? ለሠራተኞቹ የተሰጠውን የደንብ ልብስ ልኬት አገላበጡ። በ1956 ባወጡት ጽሑፍ የሾፌሮቹ ሱሪ ወገቡ ሰፊ እንደነበር አሳዩ። ስለዚህ ልዩነቱ በከፊል ወንበሩ ላይ ከመቀመጣቸው በፊት የነበረ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ግኝቱን አላፈረሰውም፤ ከዚያ በኋላ የመጡ ብዙ ጥናቶችም እንቅስቃሴ ለልብ እንደሚበጅ አረጋግጠዋል። ግን ጥንቃቄ ጨመረበት።

በመጀመሪያ ዲግሪ ይህ ጥናት ለፈተና የምታስታውሱት አንድ መስመር ነው። በማስተርስ «ሱሪውን ፈልጉ» ትባላላችሁ። ልዩነቱ እዚያ ላይ ነው፣ እኔን ይህን ትምህርት ያስወደደኝም እሱ ነው።

የትኛው ዘርፍ?

ፊዚዮሎጂው ልብ፣ ሳንባ፣ ደምና ጡንቻ ላይ ይሠራል። ሰው «ስፖርት» የሚል ቃል ሲሰማ ቀላል ትምህርት ይመስለዋል። የ1920 የሕክምና ኖቤል ሽልማት የተሰጠው ግን ለዴንማርካዊው አውጉስት ክሮግ ነው፤ ጡንቻ ውስጥ ያሉ ቀጫጭን የደም ሥሮች እንዴት እንደሚከፈቱና እንደሚዘጉ ስላሳየ። የ1922ቱን ደግሞ እንግሊዛዊው አርቺባልድ ሂል ከኦቶ ማየርሆፍ ጋር ተካፍሏል። ሂል ጡንቻ የሚያመነጨውን ሙቀት ነበር የሚለካው። በኋላ የሰውን የኦክስጅን አጠቃቀም ጣሪያ ለማወቅ ባደረገው ጥናት እሱ ራሱ ሮጧል፣ የሚተነፍሰውን አየር በከረጢት እየሰበሰበ። ይህ መስክ ባዮሎጂና ኬሚስትሪ ይጠይቃል፤ ከሁለቱ ሸሽቶ የሚገባበት አይደለም።

ባዮሜካኒክስ የሰውነት እንቅስቃሴ ፊዚክስ ነው። ካሜራ፣ ወለል ውስጥ የተቀበረ የኃይል መለኪያ ሰሌዳ፣ ብዙ ሒሳብ፣ ብዙ ፕሮግራሚንግ። ምሕንድስና የተማራችሁ ሰዎች እዚህ በጣም ትፈለጋላችሁ። የእንቅስቃሴ ቁጥጥርና ትምህርት የሚባለው ዘርፍ አንጎልና ነርቭ ላይ ያተኩራል፦ ልጅ መራመድ እንዴት ይለምዳል፣ ስትሮክ የመታው ሰው እጁን እንዴት መልሶ ያዘዋል። የጉልበትና የብቃት ሥልጠና የሚባለው አሠልጣኝ መሆን ለሚፈልግ ነው።

ስፖርት ሳይኮሎጂ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። በብዙ አገሮች «ሳይኮሎጂስት» የሚለው መጠሪያ በሕግ የተጠበቀ ነው። በስፖርት ሳይኮሎጂ ማስተርስ ስለያዛችሁ ብቻ ራሳችሁን ሳይኮሎጂስት ብላችሁ መሥራት ላትችሉ ትችላላችሁ። መሥራት የምትፈልጉበትን አገር ሕግ ቀድማችሁ እዩ።

ከዚህ ጋር የሚመሳሰል ሌላም አለ፣ እሱ ደግሞ የባሰ ነው። ብዙ ሰው የስፖርት ሳይንስ ማስተርስን የፊዚዮቴራፒ የጓሮ በር አድርጎ ያየዋል። አይደለም። ፊዚዮቴራፒ የራሱ የሙያ ዲግሪና የራሱ ፈቃድ አለው። ሁለት ዓመት ለፍቶ፣ ተመርቆ፣ ከዚያ ይህን የተረዳ ልጅ አውቃለሁ። ጎበዝ ልጅ ነው። ማንም ቀድሞ አልነገረውም፣ እሱም አልጠየቀም። ያንን ጓደኛዬን ሳስብ ነው ይህን ሁሉ የምጽፈው።

አንድ ስም፣ ሁለት መንገድ

አሁን የነገሩ እምብርት ጋ ደርሰናል። ማስተርስ በሁለት ይከፈላል። አንደኛው በኮርስ የሚሠራ ነው፤ ትማራላችሁ፣ ትፈተናላችሁ፣ የተግባር ልምምድ ታደርጋላችሁ፣ መጨረሻ ላይ ትንሽ ፕሮጀክት ይኖራል። ሁለተኛው በጥናት የሚሠራ ነው፤ ኮርሱ ትንሽ ነው፣ አብዛኛው ጊዜ አንድ ጥያቄ ይዛችሁ፣ ሰው እየለካችሁ፣ መመረቂያ ጽሑፍ እየጻፋችሁ ያልቃል። የመጀመሪያው ወደ ሥራ ያደርሳል። ሁለተኛው ወደ ፒኤችዲና ወደ ምርምር። በሁለተኛው መንገድ ገብቶ «ክሊኒክ መቼ ነው የምንገባው?» እያለ የሚጠብቅ አለ። በመጀመሪያው ጨርሶ ፒኤችዲ ሲያመለክት «ያሳተምከው ነገር የታለ?» ተብሎ የሚመለስም አለ። ሁለቱም ጎበዝ ተማሪዎች ናቸው፤ የተሳሳቱት ሲያመለክቱ ነው።

ክሊኒክ ውስጥ መሥራት ለሚፈልግ ምክሬ አንድ ነው፤ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ቁጠሩ። መጀመሪያ ልትሠሩበት በምትፈልጉት አገር ፈቃዱን ወይም ሰርተፊኬቱን የሚሰጠው አካል ማን እንደሆነ እወቁ። አውስትራሊያ ውስጥ ለምሳሌ ኤክሰርሳይስ ኤንድ ስፖርትስ ሳይንስ አውስትራሊያ የሚባል የሙያ ማኅበር አለ፤ የኤክሰርሳይስ ፊዚዮሎጂስት ዕውቅና የሚሰጠው እሱ ነው። አሜሪካ ውስጥ በ1954 የተቋቋመው የአሜሪካ ስፖርት ሕክምና ኮሌጅ የክሊኒካል ሰርተፊኬት ይሰጣል፤ ለጉልበት አሠልጣኞች ደግሞ በ1978 የተቋቋመ ሌላ ማኅበር አለ። የማኅበሩን መስፈርት አውጡ። የትኛውን ዲግሪ ይቀበላል? ስንት ሰዓት የተግባር ልምምድ ይፈልጋል? ከዚያ ዩኒቨርሲቲውን «የእናንተ ፕሮግራም ይህን ያሟላል ወይ?» ብላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። በጽሑፍ ያልኩት ሆን ብዬ ነው። በቃል የተነገረ ነገር ኋላ ላይ ውኃ አያነሳም።

ርዝመቱም ይለያያል። እንግሊዝ አገር ማስተርስ ብዙ ጊዜ አንድ ዓመት ነው። አሜሪካና አብዛኛው አውሮፓ ሁለት ዓመት ነው። ፒኤችዲ በእንግሊዝና በአውስትራሊያ ከሦስት እስከ አራት ዓመት ገደማ ሲሆን፣ አሜሪካ ኮርስም ስላለው ብዙ ጊዜ ይረዝማል።

ላቦራቶሪው ውስጥ

ትምህርቱ ምን እንደሚመስል በወሬ አይገባም፤ አንድ ጠዋት ላሳያችሁ። ቪኦቱ ማክስ የሚባለውን፣ ማለትም ሰውነት በደቂቃ ሊጠቀም የሚችለውን ከፍተኛ የኦክስጅን መጠን ልትለኩ ነው እንበል።

ተሳታፊው ከመምጣቱ በፊት እናንተ ቀድማችሁ ትደርሳላችሁ። የሚተነፈሰውን አየር የሚለካውን ማሽን ታበሩና እስኪሞቅ ትጠብቃላችሁ። ከዚያ ይስተካከላል፤ መጠኑ በትክክል የታወቀ ኦክስጅንና ካርቦን ዳይኦክሳይድ የያዘ ሲሊንደር ተከፍቶ፣ ማሽኑ ያንኑ ቁጥር ማንበቡ ይታያል። ቀጥሎ በትክክል ሦስት ሊትር አየር የሚይዝ ትልቅ መርፌ መሰል ፓምፕ ወደፊትና ወደኋላ እየተገፋ የአየር ፍሰቱ ይረጋገጣል። የክፍሉ ሙቀት፣ እርጥበትና የአየር ግፊት ይመዘገባል። ይህ ሁሉ ገና ሰው ሳይገባ ነው።

ሰውዬው ይመጣል። የፈቃደኝነት ቅጹን ያነባል፣ ይፈርማል። ትናንት ከባድ ሥራ ሠርቶ እንደሆነ፣ ቡና ጠጥቶ እንደሆነ ይጠየቃል። ይመዘናል። ደረቱ ላይ የልብ ምት መለኪያ ቀበቶ፣ ፊቱ ላይ አፍና አፍንጫ የሚሸፍን ጭንብል። ጠርዙ ላይ አየር እንዳያሾልክ በጣታችሁ ዙሪያውን ትፈትሻላችሁ። ትሬድሚሉ ይነሣል። ብሩስ የሚባለውን ታዋቂ አካሄድ ከተጠቀማችሁ በሰዓት 2.7 ኪሎ ሜትር ፍጥነትና በ10 ከመቶ ዳገት ይጀምራል፣ በየሦስት ደቂቃው ፍጥነቱም ዳገቱም ይጨምራል። መጀመሪያ ላይ ቀላል ነው። ከዚያ አይደለም። በጭንብል መናገር ስለማይቻል ሰውዬው ከ6 እስከ 20 የተጻፈበት ሰሌዳ ላይ በጣቱ ድካሙን ያሳያል። ስዊድናዊው ጉናር ቦርግ ያወጣው መለኪያ ነው፤ ከ6 የሚጀምረው ቁጥሩ በ10 ሲባዛ ከልብ ምት ጋር እንዲቀራረብ ታስቦ ነው።

ስክሪኑ ላይ አንድ ቁጥር በተለይ ትከታተላላችሁ፤ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለሚገባው ኦክስጅን ሲካፈል። ወደ 0.7 ሲጠጋ ሰውነት በዋናነት ስብ እያቃጠለ ነው። ወደ 1.0 ሲጠጋ ካርቦሃይድሬት። 1.1ን ካለፈ ሰውዬው ጣሪያው አጠገብ ነው። እግሩ መሬቱን መምታት ይጀምራል። ትከሻው ይነሣል። እናንተ ታበረታታላችሁ፤ እሱም ቢሆን እንዳመጣላችሁ አይደለም። ለአንዱ ጮኻችሁ ለሌላው ዝም ካላችሁ ውጤቱ ላይ ለውጥ ያመጣል፤ ስለዚህ ለሁሉም ተመሳሳይ ቃል፣ በተመሳሳይ ደቂቃ። ከዚያ እጁን ያነሣል፣ ትሬድሚሉ ይቆማል፣ ከጣቱ ጫፍ ጠብታ ደም ይወሰዳል። ለአንድ ቁጥር አንድ ሰዓት ተኩል ሄደ። ሠላሳ ሰው፣ እያንዳንዱ ሦስት ጊዜ ቢለካ ስንት ጠዋት እንደሚሆን አስሉት።

እኔ ከእነዚያ ጠዋቶች አንዱን አበላሽቻለሁ። ዘግይቼ ደረስኩ፣ ተሳታፊው በሩ ላይ ቆሞ ነበር፣ እንዳይቆጣ ብዬ ማስተካከሉን ዘለልኩት። በዚያ ቀን ሦስት ሰው ለካሁ። ቁጥሮቹ የሚያምሩ ነበሩ። ከሳምንታት በኋላ ዳታውን ሳጠራ ግን አንድ ነገር ዓይኔን ያዘኝ። ሰው በእረፍት ላይ ሲሆን በደቂቃ በኪሎ ክብደት 3.5 ሚሊ ሊትር ኦክስጅን ገደማ ይጠቀማል። የእኔ ሦስት ሰዎች ገና አንድ እርምጃ ሳይራመዱ ቁጥራቸው ከዚያ በእጥፍ በላይ ነበር። ወደ መዝገቡ ሄድኩ፤ የዚያ ቀን መስመር ባዶ ነው። ለአማካሪዬ ነገርኳቸው። አልተቆጡኝም። «ሦስቱንም አውጣቸው፣ ለምን እንዳወጣሃቸውም ጽሑፍህ ላይ ጻፍ» አሉኝ። ሦስት ሰዎች እስኪንጠፈጠፉ ሮጠውልኝ ልፋታቸው ሜዳ ቀረ። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ እሱ ነው።

ስታቲስቲክስን የሚፈራ

ይህን ትምህርት ብዙ ሰው የሚፈራው በስታቲስቲክስ ነው፣ እኔም ፈርቼ ነበር የገባሁት። ሒሳቡን ኮምፒውተር ይሠራዋል። አር እና ጃስፕ የሚባሉ ነጻ ሶፍትዌሮች አሉ። ከባዱ ሐሳቡ ነው።

አንድ ምሳሌ። መቶ ሰው የብቃት ፈተና ሰጣችሁ። ዝቅተኛ ውጤት ያመጡትን ሃያዎቹን መርጣችሁ ለሁለት ወር አሠለጠናችሁ። እንደገና ፈተናችኋቸው፣ ተሻሻሉ። ሥልጠናው ሠራ? ሊሆን ይችላል። ግን ከሃያዎቹ አንዳንዶቹ በመጀመሪያው ቀን እንቅልፍ አጥተው ወይም ጉንፋን ይዟቸው ነበር ዝቅ ያሉት። ምንም ባታሠለጥኗቸውም በሁለተኛው ቀን ወደ መደበኛ አቅማቸው ይመለሱ ነበር። ስለዚህ ያልሠለጠነ ማነጻጸሪያ ቡድን ከሌላችሁ ምን እንደለካችሁ አታውቁም።

ማነጻጸሪያ ሲባል እኔ ሁልጊዜ የሚታወሰኝ ሁለት የስዊድን ተመራማሪዎች በ1966 ያሳተሙት ሥራ ነው። ዮናስ በርግስትሮምና ኤሪክ ሁልትማን አንድ ብስክሌት ላይ ግራና ቀኝ ሆነው፣ እያንዳንዳቸው በአንድ እግር ብቻ ፔዳሉን መቱ። ሌላው እግራቸው አረፈ። ከዚያ ከሁለቱም እግር ጡንቻ በመርፌ ናሙና እየወሰዱ፣ በቀጣዮቹ ቀናት የደከመው እግር ካረፈው በእጅጉ የበለጠ የኃይል ክምችት እንደሚይዝ አሳዩ። ሰውዬው ያው ነው፣ የበላው ያው ነው፣ የተኛው ያው ነው። የተለየው እግሩ ብቻ ነው። ከዚህ የጠራ ማነጻጸሪያ ማግኘት ይከብዳል።

ሌላው ፒ ቫልዩ የሚባለው ቁጥር ነው። ከ0.05 በታች ከሆነ «95 ከመቶ እውነት ነው» ማለት የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። አይደለም። ትርጉሙ እንዲህ ነው፦ በእርግጥ ምንም ልዩነት ባይኖር ኖሮ፣ ይህን ያህል ወይም ከዚህ የበለጠ ልዩነት በአጋጣሚ የማግኘት ዕድሌ ስንት ነበር? በእኛ መስክ አሥር፣ አሥራ ሁለት ሰው ላይ የተሠራ ጥናት ሞልቷል። በጥቂት ሰው ላይ የተገኘ ትልቅ ልዩነት ብዙ ሰው ሲጨመር መቅለጡ የተለመደ ነው። ስንት ሰው እንደሚያስፈልጋችሁ ከመጀመራችሁ በፊት አስሉ።

እግረ መንገዴን፣ የሥነ ምግባር ፈቃድ። ሰው ላይ የሚሠራ ጥናት ያለ ኮሚቴ ፈቃድ አይጀመርም፤ በሰው ላይ ስለሚደረግ ምርምር በ1964 የወጣው የሄልሲንኪ መግለጫ በ1975 ሲሻሻል ያስገባው መስፈርት ነው። ፈቃዱ ሳምንታት፣ አንዳንዴ ወራት ይወስዳል። የአንድ ዓመት ማስተርስ ላይ ላለ ሰው ይህ ብዙ ነው፤ በመጀመሪያው ወር አስገቡት።

ከዩኒቨርሲቲው ይልቅ አማካሪው

ታዋቂ ቦታዎች አሉ። ኮሎኝ ያለው የጀርመን ስፖርት ዩኒቨርሲቲ፣ ኦስሎ ያለው የኖርዌይ ስፖርት ሳይንስ ትምህርት ቤት፣ እንግሊዝ ላፍቦሮ፣ ፊንላንድ ዩቫስኩላ። ስማቸው የተገባቸው ናቸው። ነገር ግን በጥናት በሚሠራ ማስተርስና በፒኤችዲ ቀናችሁን የሚወስነው የዩኒቨርሲቲው ስም ሳይሆን አማካሪያችሁ ነው። ስሙ ባልተሰማ ቦታ፣ ጽሑፋችሁን በሳምንት ውስጥ አንብቦ የሚመልስ አማካሪ ያላችሁ ከሆነ ዕድለኞች ናችሁ።

እንዴት ይታወቃል? ባለፉት አምስት ዓመታት ያሳተሙትን ፈልጉ። መጀመሪያ ላይ የተጻፈው ስም የማን ነው? የተማሪዎቻቸው ከሆነ ጥሩ ምልክት ነው፤ ተማሪ ይሠራል፣ ተማሪ ይመሰገናል። ከዚያ አሁን እሳቸው ጋ ያሉትን ተማሪዎች ጠይቁ። በወር ስንቴ ትገናኛላችሁ? የላካችሁት ጽሑፍ በስንት ጊዜ ይመለሳል? ጀምሮ ያቋረጠ አለ? የተመረቁትስ የት ገቡ? መልሱ ሲያመነታ ትሰሙታላችሁ።

ኢሜይል ስትጽፉ አታርዝሙት። «የተከበሩ ፕሮፌሰር፣ ትጉህ ተማሪ ነኝ፣ ስፖርት ከልጅነቴ እወዳለሁ፣ እርስዎ ጋር መማር ሕልሜ ነው» የሚል ደብዳቤ በቀን ብዙ ይደርሳቸዋል። ይልቅ እንዲህ በሉ፦ «በዕድሜ የገፉ ሰዎች ላይ በክብደት ሥልጠና የሠሩትን ጥናት አነበብኩ። ሴቶቹ ላይ ለውጡ ያነሰበት ምክንያት ለእኔ ግልጽ አልሆነልኝም። የመጀመሪያ ዲግሪ ፕሮጀክቴን የሠራሁት የእጅ ጭብጥ ጉልበት በመለካት ነው። በሚቀጥለው ዓመት ተማሪ ይቀበላሉ?» አራት ዓረፍተ ነገር። ማንበባችሁ ይታያል፣ መጠየቃችሁ ይታያል፣ እጃችሁ ሥራ እንደነካ ይታያል። በሁለት ሳምንት መልስ ካልመጣ አንዴ አስታውሱ። ከዚያ ወደ ሌላው እለፉ፣ አትከፉ።

ገንዘቡን በአጭሩ። በኮርስ የሚሠራ ማስተርስ ብዙ ጊዜ በራስ ወጪ ነው ወይም በውጭ ስኮላርሺፕ፤ ኢራስመስ ሙንዱስ፣ የጀርመኑ ዳድ፣ የእንግሊዙ ቼቭኒንግ ይታወቃሉ። አሜሪካ ውስጥ በጥናት የሚሠራ ተማሪ እያስተማረ ወይም ላቦራቶሪ እየረዳ ክፍያው የሚቀርለትና አበል የሚያገኝበት አሠራር አለ። በስካንዲኔቪያ አገሮች ፒኤችዲ ብዙ ጊዜ ደመወዝ ያለው ሥራ ነው፤ እንደ ሥራ ማስታወቂያ ወጥቶ ይወዳደሩበታል። ማመልከቻ ብዙ ቦታ ትምህርቱ ከመጀመሩ ከግማሽ ዓመት በላይ ቀደም ብሎ ይዘጋል፣ ስኮላርሺፕ ከዚያም ቀድሞ።

ስለ ሥራም እውነቱን ልናገር። ትልቅ ክለብ ውስጥ የሚገኝ ቦታ ጥቂት ነው፣ ፈላጊው ብዙ፣ ሰዓቱ ረጅም፣ ቅዳሜና እሑድ የለውም። የልብና የሳንባ ሕሙማን ማገገሚያ፣ የአረጋውያን ጤና፣ የሕዝብ ጤና፣ የመለኪያ መሣሪያ የሚሠሩ ድርጅቶች፣ ማስተማር፤ እዚህ ያለው በር ይሰፋል። ስፖርተኛ ያልነበራችሁም አትጨነቁ። ከማውቃቸው ጎበዝ ተመራማሪዎች አንዷ ነርስ ነበረች። ለስድስት ወር አልጋ ላይ የቆየ ሰው መጀመሪያ ሲቆም እግሩ ሲንቀጠቀጥ አይታ ነው «ለምን?» ብላ ወደዚህ የመጣችው።

ገና እያመነታችሁ ከሆነ አንድ ነገር ሞክሩ። ከምትፈልጉት ዘርፍ ሦስት የጥናት ጽሑፎች አውርዱ። መግቢያውንም መደምደሚያውንም ዝለሉት። «ዘዴ» የሚለውን ክፍል ብቻ አንብቡ፤ ማን ተለካ፣ በምን ተለካ፣ ስንት ጊዜ፣ ማሽኑ በምን ተስተካከለ። ጠዋት ማንም ሳይመጣ በሩን ከፍታችሁ ያንን ራሳችሁ ስትሠሩት አስቡት፣ ለሠላሳ ሰው። ሦስተኛውን ጽሑፍ ስታነቡ «እኔ ብሆን እንዲህ አድርጌ ነበር የምለካው» የሚል ሐሳብ ከመጣባችሁ፣ እዚያው ጽፋችሁ አስቀምጡት። ለአማካሪ የምትልኩት የመጀመሪያ ኢሜይል ከእሱ ይጀምራል።